50 ሺህ ተከታይ ወይስ 500 ደንበኛ? ፈልጎ የሚመጣ አንባቢ እንዴት ይገኛል?

ማታ አንድ ነገር ጽፋችሁ ለቀቃችሁ። ጠዋት ስትነሱ ስልካችሁ በኖቲፊኬሽን ተጨናንቋል። 3 ሺህ ሼር፣ መቶ ምናምን ኮመንት፣ የማታውቋቸው ሰዎች "በርቱ" እያሉ ነው። ደስ ይላል። በማግስቱ ሁለተኛውን ትለቃላችሁ፤ 41 ላይክ። ሦስተኛው 19። ከነዚህም ግማሾቹ የአክስት ልጆች ናቸው።

ያ ሁሉ ሰው የት ሄደ?

የትም አልሄደም። መጀመሪያም ወደ እናንተ አልመጣም ነበር። ስክሮል ሲያደርግ መንገድ ላይ ያያችሁ ሰው ነው። ስማችሁን አላየም፣ ነገም አይፈልጋችሁም።

ብሎግ (በአማርኛው ጦማር) ወይም የጽሑፍ ቻናል ለመክፈት ለምታስቡ፣ ከፍታችሁም "ለምንድነው ሰው የማይቆይልኝ?" ለምትሉ፣ የዛሬው ጽሑፋችን ለእናንተ ነው።

ለምን ሦስት ሱቅ አልፋችሁ ትሄዳላችሁ?

ሰፈራችሁን አስቡት። ከቤት ስትወጡ አንድ ሱቅ አለ፣ ቀጥሎ ሌላ አለ። እናንተ ግን ሁለቱንም አልፋችሁ "ደንበኛዬ" ወደምትሉት ትሄዳላችሁ። ለምን? ዋጋው ያን ያህል አይለይም። ግን በሚከፍትበት ሰዓት ክፍት ነው። የምትፈልጉትን ያውቃል። "ይሄ ዳቦ የትናንት ነው፣ አትውሰዱት" ይላችኋል። ከተሳሳተም መልሱን ጠርቶ ይሰጣችኋል።

ታማኝ አንባቢም የሚገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ቫይራል መሆን ሰው በሱቁ በር እንዲያልፍ ያደርጋል። ደንበኛ የሚያደርገው ግን ከገባ በኋላ ያገኘው ነገር ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

1. በመጀመሪያ፣ ለማን ነው የምትጽፉት?

"ስለ ሕይወት፣ ስለ ቴክኖሎጂ፣ ስለ ስፖርትና ስለ ፍቅር እጽፋለሁ" የሚል ሰው ለማንም እየጻፈ አይደለም። ስለ ስፖርት ብሎ የመጣው አንባቢ በነጋታው የፍቅር ምክር ሲያገኝ ይወጣል። የፍቅሩም እንዲሁ።

ጠባብ ርዕስ ያስፈራል፤ "የምጽፈው ያልቅብኛል" ያስብላል። ተቃራኒው ነው እውነቱ። ምሳሌ እንውሰድ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ስለመኖር ብቻ የምትጽፍ አንዲት ልጅ አለች እንበል። ምን ትጽፋለች?

በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ መሆን እንዳለበት፣ ከ2 ዓመት ማነስ እንደሌለበት፣ አከራይም ከ2 ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መቀበል እንደማይችል ታስረዳለች። ይሄ አንድ ጽሑፍ ነው። ከዚያ፦ ውል ሲፈረም ምን ምን ይታያል? የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ለብዙ ተከራይ ሲሆን ሂሳቡ እንዴት ይካፈላል? ለደላላ ከመክፈላችን በፊት ምን እንጠይቅ? አከራዩ "ለልጄ ፈልጌዋለሁ፣ ልቀቁ" ቢል ምን ይደረጋል? ከጓደኛ ጋር ቤት መጋራት ጠብ እንዳያመጣ ምን እንስማማ?

ከአንድ ጠባብ ርዕስ የስድስት ወር ሥራ ወጣ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤት የሚፈልግ ጓደኛ ያለው ሰው ሁሉ "ይቺን ልጅ ተከታተላት" ይለዋል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ልትመከሩ የምትችሉ መሆን አለባችሁ። ራሳችሁን ፈትኑ፦ "ይሄ ጦማር ________ ለሚፈልግ ሰው ነው።" ክፍት ቦታውን በአንድ ትንፋሽ መሙላት ካቃታችሁ ርዕሱ ገና አልጠበበም።

2. ርዕሱ የሚለውን ውስጡም ይበል

"ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! አከራዮች ያልጠበቁት ዱብ ዕዳ!!!" ይሄ ርዕስ ሰው ያስገባል። ገብቶ ግን ሁለት መስመር ዜና ብቻ ካገኘ ሁለተኛ አይመለስም። ባጭሩ፣ የትናንቱን ዳቦ እንደ ዛሬ አድርጎ መሸጥ ነው።

"አከራይ የስንት ወር ቅድሚያ መጠየቅ ይችላል?" የሚለው ርዕስ ግን ለሚፈልገው ሰው ከበቂ በላይ ይስባል። መልሱን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት መስመሮች ስጡት፤ ዝርዝሩ ከሥር ይከተል። "መልሱን ቀድሜ ካልኩት ማን ያነበዋል?" እንዳትሉ። መልስ በፍጥነት የሰጠውን ቦታ ነው ሰው የሚያስታውሰው።

አማርኛ ላይ ለምንጽፍ ደግሞ አንድ ልዩ ነገር አለ፦ ፊደል። "ዓመት" እና "አመት" ለእኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። "ሥራ" እና "ስራ"፣ "ፀጉር" እና "ጸጉር" እንደዚሁ። አንባቢ በአንዱ ፈልጎ እናንተ በሌላው ከጻፋችሁ ላትገናኙ ትችላላችሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በርዕሱ ላይ ትክክለኛውን ፊደል ተጠቀሙ፤ ብዙ ሰው የሚጽፈውን ሌላኛውን ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ ወይም ሃሽታግ ላይ አንድ ጊዜ አስገቡት።

3. በስልክ ነው የሚነበበው

ኮምፒውተር ላይ አራት መስመር የሆነ አንቀጽ ስልክ ላይ አስር መስመር ይሆናል። ታክሲ ውስጥ ተጋፍቶ ለቆመ ሰው ያ ግድግዳ ነው። አንቀጹን አሳጥሩ። ንዑስ ርዕስ አስገቡ። ፎቶ ከለጠፋችሁ መጠኑን ቀንሱት፤ አንባቢያችሁ ዳታ እየቆጠረ ነው የሚያነበው። ጽሑፍን ፎቶ አድርጎ መለጠፍም ይቅር፤ ኮፒ አይደረግም፣ በፍለጋም አይገኝም።

ከመልቀቃችሁ በፊት በራሳችሁ ስልክ አንድ ጊዜ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ምላሳችሁ የተደናቀፈበት ቦታ ላይ አንባቢውም ይደናቀፋል።

4. ሱቁ መቼ ነው የሚከፈተው?

ብዙ ጦማር የሚሞተው በጀማሪ ጉጉት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ በቀን ሁለት ይለቀቃል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ። ከዚያ "ይቅርታ ጠፋሁ፣ ተመልሻለሁ" የሚል ፖስት ይመጣል። ከዚያ ዝምታ።

በሳምንት አንድ ብቻ ጻፉ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ግን አታጓድሉ። "እሁድ ማታ 2 ሰዓት" ካላችሁ እሁድ ማታ 2 ሰዓት ይሁን። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ አንባቢው ኖቲፊኬሽን ሳይጠብቅ ራሱ ይመጣል። ደንበኛ ማለት እንግዲህ እሱ ነው።

ዘዴው ይሄ ነው፦ ከመክፈታችሁ በፊት ሦስት ጽሑፍ ጨርሳችሁ አስቀምጡ። ፈተና ሲመጣ፣ ስትታመሙ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ከዚያ ታወጣላችሁ። ቴሌግራም ላይም ብሎገር ላይም ፖስትን ቀድሞ ሰዓት ሞልቶ ማስቀመጥ ይቻላል።

5. ስትሳሳቱ ምን ታደርጋላችሁ?

ትሳሳታላችሁ፤ ይሄ የማይቀር ነው። አንባቢን በደንብ የምታተርፉትም ወይም ሙሉ በሙሉ የምታጡትም እዚህ ጋር ነው።

የቤት ኪራይዋ ልጅ "ቅድሚያ ክፍያ እስከ 3 ወር ይፈቀዳል" ብላ ጻፈች እንበል። አንድ ተከራይ እሷን አምኖ የሦስት ወር ከፈለ። ይሄ የሰው ኪስ ነው። ስህተቱን ስታውቅ ፖስቱን በዝምታ ብታጠፋው የከፈለው ሰው አይሰማም። ማድረግ ያለባት ጽሑፉን ማረም፣ አናቱ ላይ "እርማት፦ 3 ወር ያልኩት ስህተት ነው፣ ትክክሉ 2 ወር ነው" ብላ መጻፍ፣ በሚቀጥለው ፖስትም መንገር ነው። አንድ ቀን ታፍራለች። ከዚያ በኋላ ግን የምትጽፈው ሁሉ ይታመናል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ይሄ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻም አይደለም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን ለብቻው አንስቶ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ ያስቀምጣል። ተከታይ ሲበዛ ኃላፊነቱም ይበዛል ማለት ነው።

ከሌላ ሰው የወሰዳችሁትንም "ከእገሌ ገጽ ያገኘሁት" በሉ። ኮፒ ፔስት ያደረጋችሁትን አንባቢ ቀድሞ ሌላ ቦታ አይቶት ይሆናል።

6. ለአንዱ በደንብ መልሱ

ኮመንት ላይ ከሃምሳ ሰው "በርቱ" ይልቅ የአንድ ሰው ጥያቄ ይበልጣል። "እኔ ጋር ግን አከራዩ ውል አልፈርምም አለ፣ ምን ላድርግ?" የሚለው ሰው የሚቀጥለውን ጽሑፍ ርዕስ በነፃ ሰጥቷችኋል። ጻፉት፤ "ባለፈው ሳምንት አንድ አንባቢ እንደጠየቀን" ብላችሁ ጀምሩ (ስሙን ሳትጠሩ!)። ያ ሰው ከእንግዲህ የራሱ ቤት ያህል ነው የሚያየው።

7. ቤት የማን ነው?

ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ጥር 2018 ላይ የጓደኛና የቤተሰብ ፖስትን እያስቀደመ የገጾችን እንደሚቀንስ ሲያስታውቅ፣ ለዓመታት ተከታይ ያከማቹ ገጾች ድንገት መታየት ቀነሰባቸው። ቴሌግራም ቻናል ይሻላል፤ ፖስቶቹን በጊዜ ቅደም ተከተል ነው የሚያሳየው። ሰው ግን ሚዩት ያደርጋል፣ ይረሳችኋልም።

ሌላም አለ። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለ5 ወር ገደማ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሀገራችን ውስጥ ተገድበው ነበር። በቪፒኤን መግባት ያልቻለ አንባቢ ጠፋ። አንድ ቻናል ብቻ የነበረው ጸሐፊ አንባቢዎቹን የሚያገኝበት ሌላ በር አልነበረውም።

የራስ ጦማርም ከእገዳ ነፃ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. "ስለሚያገባን እንጦምራለን" ብለው የተነሡት የዞን 9 ጦማሪዎች ጦማራቸው ብዙም ሳይቆይ ሀገር ውስጥ እንዳይከፈት ተደርጎ ነበር፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ 6 አባላቱ ታሰሩ። ስማቸውን የሚያውቅ አንባቢ ግን ጽሑፋቸውን በሌላ መንገድ ይፈልግ ነበር።

ስለዚህ ቤቱንና በሩን ለዩ። ቤቱ ጦማር ይሁን፤ የጎግል የሆነው ብሎገርም ሆነ ዎርድፕረስ በነፃ ይከፈታሉ። በሮቹ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ ይሁኑ። አንዱ በር ቢዘጋ አንባቢ በሌላው ይመጣል። የጽሑፎቻችሁን ኮፒም ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ አካውንት የተጠለፈበት ሰው ለምን እንደሆነ ይነግራችኋል።

8. ቆጠራውን አስተካክሉ

አንዱ ቻናል 8,000 ተከታይ አለው፤ አንድ ፖስት 600 ሰው ያየዋል። ሌላው 900 ተከታይ አለው፤ 500 ያየዋል። ማን ይበልጣል? በመጀመሪያው ከመቶ 8 እንኳን አይሞላም። በሁለተኛው ከግማሽ በላይ ሰው ይመጣል። ሁለተኛው ደንበኛ አለው።

ያለፉትን 10 ፖስቶች እይታ ደምራችሁ ለ10 አካፍሉ፤ ከተከታያችሁ ጋር አወዳድሩት። (ቴሌግራም ላይ ፎርዋርድ የተደረገ ፖስት እይታም ስለሚደመር፣ በጣም የተሰራጨውን ከሂሳቡ አውጡት።) በየወሩ ይሄ ቁጥር ካልወረደ መንገድ ላይ ናችሁ።

ገንዘቡስ? ኬቪን ኬሊ የተባለው አሜሪካዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2008 ታዋቂ የሆነ ሐሳብ አቅርቧል፦ አንድ የፈጠራ ሰው ለመኖር ሚሊዮን ተከታይ አያስፈልገውም፤ ሥራውን ሁሉ የሚገዙ አንድ ሺህ እውነተኛ ወዳጆች ይበቁታል። ቁጥሩ በእኛ ሀገር ኑሮና ገቢ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሐሳቡ ግን ይሠራል፦ ሥልጠና ብትሰጡ፣ መጽሐፍ ብታሳትሙ፣ ማስታወቂያ ብትቀበሉ የሚከፍለው መንገድ ላይ ያያችሁ ሰው ሳይሆን ደንበኛችሁ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ምን እናድርግ?

✅ ክፍት ቦታውን ሙሉ፦ "ይሄ ጦማር ________ ለሚፈልግ ሰው ነው።"
✅ ሰዎች የሚጠይቋችሁን 10 ጥያቄዎች ጻፉ። 10 ርዕስ አገኛችሁ ማለት ነው።
✅ ሦስቱን ጽፋችሁ ጨርሱ። ገና አትልቀቁ።
✅ ቀንና ሰዓት ቁረጡ። ከዚያ ልቀቁ።

የመጀመሪያው ሳምንት 12 ሰው ቢያነበው አትዘኑ። በሁለተኛው ሳምንት ከ12ቱ ስንቱ ተመለሰ? ሰባት? እንግዲያው ሰባት ደንበኛ አላችሁ። ሱቅም የሚጀመረው እንደዚሁ ነው።

መጻፍ እያሰበ ላልጀመረ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት 🙏