ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት የሚወሰን ምርጫ፦ የአንድ የግዛት ሴናተር የምርጫ ታሪክ በኢሊኖይ

በአሜሪካ የግዛት ሕግ አውጪ ምክር ቤቶች ላይ የሚደረግ ጥናት ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከምርጫ ውጤት ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ አንድ ዕጩ በየትኛው ዓመት ስንት በመቶ ድምፅ እንዳገኘ ያሳያል፤ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ስሙ ሳይሰፍር ስለ ቀረው ሰውና ስለ ቀረበት ምክንያት ግን የሚለው ነገር የለም። ባራክ ኦባማ ወደ አገር አቀፍ ሥልጣን ከመሸጋገራቸው በፊት ከ1997 እስከ 2004 የኢሊኖይ ግዛት ሴኔት አባል ነበሩ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። የዚያ ዘመን የምርጫ ታሪካቸው በሚገባ የተመዘገበ በመሆኑ ሰንጠረዡ የማያሳየውን ለመመርመር ያመቻል። ታሪኩ ሲመረመር፣ የግዛት ሴናተርነታቸውን ዕጣ በአመዛኙ የወሰኑት ሦስት ደንቦች ሆነው ይገኛሉ፦ የድጋፍ ፊርማ ሕግ፣ የሥራ ዘመን አከፋፈልና የምርጫ ክልል አከላለል። መራጩ በድምፁ ከመናገሩ በፊት ሦስቱም ሥራቸውን ጨርሰው ነበር።

የወንበሩ ጠባይ

የኢሊኖይ ሴኔት 59 መቀመጫዎች አሉት፤ ከእያንዳንዱ የምርጫ ክልል አንድ ሴናተር ይመረጣል። የምርጫ ክልሎቹ በሦስት ምድብ የተከፈሉ ሲሆኑ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ እያንዳንዱ ወንበር ሁለት ጊዜ የአራት ዓመት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የሁለት ዓመት ዘመን ይኖረዋል። የዘመኖቹ ቅደም ተከተል ከምድብ ምድብ ይለያያል። ኦባማ የተወዳደሩበት 13ኛው የምርጫ ክልል የቺካጎን ደቡባዊ ክፍል የሚወክል፣ ዴሞክራቲክ ፓርቲ የማያጠራጥር የበላይነት ያለበት አካባቢ ነበር። በእንዲህ ያለ አካባቢ ኖቬምበር ላይ የሚካሄደው ጠቅላላ ምርጫ ውጤት አስቀድሞ የታወቀ ነው። መራጩ እውነተኛ አማራጭ ሊያገኝ የሚችለው ፓርቲው ዕጩውን በሚለይበት፣ ማርች ላይ በሚካሄደው ቅድመ ምርጫ ብቻ ነው። ስለዚህ በቅድመ ምርጫው ወረቀት ላይ የማን ስም ይስፈር የሚለው ጥያቄ ከሁሉም በላይ ክብደት ያገኛል።

757 ፊርማ

በ1995 ወንበሩ በአሊስ ፓልመር እጅ ነበር። ፓልመር ወደ ሴኔቱ የገቡት በ1991 ጡረታ በወጡት በሪቻርድ ኒውሃውስ ምትክ ተሹመው ነው። ወደ አሜሪካ ኮንግረስ ለመግባት በተነሡ ጊዜ የግዛቱን ወንበር እንደሚለቁ ስላስታወቁ፣ ኦባማ በሴፕቴምበር 1995 ለዚሁ ወንበር ዕጩነታቸውን ይፋ አደረጉ። ይሁን እንጂ ፓልመር በኖቬምበር መጨረሻ በተካሄደው ልዩ ቅድመ ምርጫ ከጄሲ ጃክሰን ልጅና ከግዛቱ ሴናተር ከኤሚል ጆንስ በታች ሦስተኛ ሆኑ። ከሽንፈቱ በኋላ ሐሳባቸውን ለውጠው ወደ ቀድሞ ወንበራቸው ለመመለስ ወሰኑ፤ የዕጩነት ሰነድ የሚቀርብበት ጊዜ ግን የቀረው ጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር።

የግዛቱ ሕግ ለቅድመ ምርጫ የሚቀርብ የሴኔት ዕጩ በምርጫ ክልሉ ከተመዘገቡ መራጮች የድጋፍ ፊርማ እንዲያሰባስብ ያስገድዳል፤ በዚያ ዓመት የሚያስፈልገው ቁጥር 757 ነበር። ፓልመር በጥድፊያ የተሰበሰበ 1,600 የሚጠጋ ፊርማ አቀረቡ። ሕጉ ፊርማ እንዲሰበሰብ ብቻ ሳይሆን ሌላው ወገን ፊርማዎቹን አንድ በአንድ እንዲሞግት ይፈቅዳል። ፈራሚው በመራጮች መዝገብ ላይ ካልተገኘ፣ አድራሻው ከክልሉ ውጭ ከሆነ፣ ወይም በፊርማው ፈንታ ስሙን ብቻ ከጻፈ ፊርማው ሊሰረዝ ይችላል። የኦባማ ወገን የተቀናቃኞቹን ሁሉ ፊርማ በዚህ መንገድ ሞገተ፤ ፓልመርን ጨምሮ አራቱም ተቀናቃኞች ከውድድሩ ወጡ። በማርች 1996 በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የቀረው የዴሞክራቶች ዕጩ አንድ ብቻ ነበር።

ድርጊቱ ሕጋዊ ስለ መሆኑ ክርክር የለም። የደንቡ ደጋፊዎች የድጋፍ ፊርማ ተገቢ ድጋፍ የሌለውን ዕጩ ለመለየት እንደሚያገለግል፣ ሙግቱም ሐሰተኛ ፊርማን እንደሚገታ ያስረዳሉ። በዚያው ልክ ደንቡ ጠበቃና የሠለጠነ የሰው ኃይል ላለው ዕጩ የሚያደላ መሆኑ አይካድም። ለመራጩ የቀረበው ውጤት ግን በሁለቱም አተያይ ያው ነው፦ በነባሯ ሴናተርና በአዲሱ ዕጩ መካከል እንዲመርጥ የተጠየቀበት ቀን አልነበረም።

የዘመን ልዩነት

ኦባማ በኖቬምበር 1996 ከ100 ድምፅ 82ቱን አግኝተው ተመረጡ፤ ይህ የሁለት ዓመት ዘመን ነበር። በ1998 ለአራት ዓመት ዘመን በ89 በመቶ ድምፅ ዳግመኛ ተመረጡ። የዚህ ዘመን ርዝመት ጥቅሙ የታየው በ2000 ነው። በዚያ ዓመት ኦባማ የኢሊኖይን አንደኛ የምርጫ ክልል በኮንግረስ ከሚወክሉት ከቦቢ ረሽ ጋር በቅድመ ምርጫ ተወዳደሩ። ረሽ የአካባቢው ሕዝብ ለረጅም ጊዜ የሚያውቃቸው፣ በወጣትነታቸው የብላክ ፓንተር ፓርቲ አባል የነበሩ ፖለቲከኛ ናቸው። ውጤቱ ረሽ 61 በመቶ፣ ኦባማ 30 በመቶ ገደማ ሆነ። ኦባማ እስከዚያ ድረስ ካለፉባቸው ቅድመ ምርጫዎች መካከል መራጩ በእርግጥ የመምረጥ ዕድል ያገኘበት ይህ ነበር፤ በዚሁም ተሸነፉ።

ሽንፈቱ ግን ወንበራቸውን አላሳጣቸውም። የ1998ቱ ዘመን እስከ 2003 መጀመሪያ የሚዘልቅ ስለ ነበር፣ በ2000 የሴኔት ወንበራቸው ለምርጫ አልቀረበም። ወንበሩ የሁለት ዓመት ዘመን የደረሰው በ1998 ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ ውድድሮች አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንባቸው ነበር። ፓልመርን የጎዳቸው ተቃራኒው አጋጣሚ ነው፤ የኮንግረሱ ሽንፈት የደረሰባቸው የሴኔት ዘመናቸው በሚያበቃበትና አዲስ የዕጩነት ሰነድ በሚቀርብበት ወቅት ዋዜማ ነበር። ሁለቱም ወደ ኮንግረስ ለመግባት ሞክረው ተሸንፈዋል። አንዷ ወንበራቸውን ሲያጡ ሌላው ጠብቀው የቆዩበትን ምክንያት በችሎታ ልዩነት ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ የቀን መቁጠሪያው ድርሻም መታሰብ ይኖርበታል።

በዕጣ የተገኘ ካርታ

ሦስተኛው ደንብ የምርጫ ክልሎችን አከላለል የሚመለከት ነው። በ1970 የጸደቀው የኢሊኖይ ሕገ መንግሥት ከየአሥር ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ በኋላ ምክር ቤቱ አዲስ ካርታ እንዲያወጣ ያዝዛል። ምክር ቤቱ ካልተስማማ ከሁለቱ ፓርቲዎች በእኩል የተውጣጡ ስምንት አባላት ያሉት ኮሚሽን ይቋቋማል። ይህም ካልተስማማ ዘጠነኛው አባል ከሁለት የተለያዩ ፓርቲዎች ከቀረቡ ሁለት ሰዎች መካከል በዕጣ ይለያል። የዕጣው ሐሳብ ፓርቲዎቹ ሁሉን ማጣትን ፈርተው ይስማማሉ የሚል ነበር፤ በተግባር ግን ሁለቱም ሁሉን ለማግኘት ዕጣውን መረጡ። በ1991 ዕጣው ለሪፐብሊካኖች ወጣ፤ ከ1993 ጀምሮም ለአሥር ዓመት ሴኔቱን ተቆጣጠሩ። በ2001 ደግሞ ለዴሞክራቶች ወጣ።

ይህ ለኦባማ ሁለት ነገር አመጣ። አንደኛ፣ ከደቡባዊ ቺካጎ ሠፈሮች ጋር ብቻ ተያይዞ የነበረው የምርጫ ክልላቸው በሐይቁ ዳርቻ ወደ ሰሜን ተዘርግቶ ጎልድ ኮስት የተባለውን የባለጸጎች ሠፈር ጨመረ። የጥቁር መራጮች አብላጫነት ሳይነካ፣ ሴናተሩ የዘመቻ ገንዘብ ከሚገኝባቸው ሠፈሮች ጋር ተዋወቁ። ሁለተኛ፣ በአዲሱ ካርታ በተካሄደው የ2002 ምርጫ ዴሞክራቶች የሴኔቱን አብላጫ ወንበር ያዙ። ኦባማ በዚያ ዓመት ያለ ተቀናቃኝ ተመረጡ፤ ኤሚል ጆንስም የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ለስድስት ዓመት በአናሳው ወገን የቆዩት ሴናተር በ2003 የጤናና የሰብአዊ አገልግሎት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ሕግ የማስወጣት አቅም አገኙ። በነፍስ ግድያ የተጠረጠረ ሰው ምርመራ በምስል ወይም በድምፅ እንዲቀረጽ የሚያስገድደው ሕግ የወጣው በዚህ ጊዜ ነው።

በ2004 ለአሜሪካ ሴኔት ሲወዳደሩም የግዛቱ ወንበራቸው ለምርጫ አልቀረበም። በማርቹ ቅድመ ምርጫ ብዙ ተፎካካሪዎች እያሉ ከግማሽ በላይ ድምፅ፣ በኖቬምበር ደግሞ 70 በመቶ አገኙ። ደንብ ሁሉን እንደማይወስን ይህ ውጤት ራሱ ያሳያል፤ በእነዚህ ምርጫዎች መራጩ አማራጭ ነበረው፣ ፍርዱንም ሰጠ። የተለቀቀውን የግዛት ሴኔት ወንበር የያዙት ኩዋሜ ራውል ግን በሕጉ መሠረት በፓርቲው ሹመት የገቡ ናቸው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት

ከ1991 እስከ 2004 ባለው ጊዜ የ13ኛው ክልል ወንበር ሦስት ጊዜ ባለቤት ለውጧል። ሁለቱ በሹመት፣ አንዱ ተቀናቃኝ ባልነበረበት ቅድመ ምርጫ ነው። የክልሉ ነዋሪ በእነዚህ ዓመታት በየጊዜው ድምፁን ሰጥቷል፤ ሆኖም ሴናተሩ ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ሁሉ መልሱ የተገኘው በሌላ ቦታ ነው። የውጤት ሰንጠረዡ 82፣ 89 እና 100 በመቶ ብሎ ሲመዘግብ እያደገ የሄደ የሕዝብ ድጋፍ የሚያሳይ ይመስላል። ቁጥሮቹ ግን ከድጋፉ ይልቅ የፉክክሩን አለመኖር የሚለኩ ናቸው።

ስለዚህ የአንድን ተመራጭ የምርጫ ታሪክ የሚያጠና ተመራማሪ ከድምፅ ቁጥር ጋር ሌሎች ሦስት መዛግብትን ጎን ለጎን ማየት ይኖርበታል፦ የተሰረዙ ዕጩዎችን ሰነድ፣ ወንበሩ ለምርጫ የቀረበባቸውን ዓመታትና የየአሥር ዓመቱን ካርታ። እነዚህ ሳይታዩ የሚሰላ መቶኛ፣ መራጩ ያልተጠየቀውን ጥያቄ እንደ መለሰ አድርጎ ያቀርባል።