በውጭ ቋንቋ ትምህርት የሚቀርብ የግል ጥናት አስተቃቀድና አመራመር
(የዕዳ ማረጋገጫ ቃላት በፈረንሳይኛና በአማርኛ)

በከፍተኛ ደረጃ የውጭ አገር ቋንቋ የሚማር ተማሪ ወደ ትምህርቱ ፍጻሜ ሲቃረብ አንድ የግል ጥናት እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ርእሱን ራሱ ይመርጣል፤ ምንጮቹን ራሱ ይፈልጋል፤ የደረሰበትንም በሚማረው ቋንቋ ጽፎ ያስረክባል። መምህሩ በዚህ ጊዜ አማካሪ እንጂ አስተማሪ አይደለም። ሥራው በሚገባ ሲታቀድ ተማሪው ቋንቋውን ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ፥ ለሥራ በተጻፈ ጽሑፍ ላይ የሚፈትንበት ዕድል ይሆናል። ሳይታቀድ ሲቀር ግን ከሁለት ከሦስት መጻሕፍት የተቃረመ ድርሰት ሆኖ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ጉዳዩ የመምህራን ብቻ አይደለም። በየሙያው መስክ የአማርኛን ቃላት የሚሰበስቡና ፍቻቸውን የሚወስኑ ሰዎች ቍጥር ከሥራው ስፋት ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነው። የተማሪዎች የግል ጥናቶች በአንድ ዐይነት ሥርዓት ቢዘጋጁ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅና ለተርጓሚ ጠቃሚ ጥሬ ሀብት ይሆናሉ። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ጥናት እንዴት እንደሚታቀድና እንደሚመረመር በአንድ ምሳሌ ያስረዳል፤ ምሳሌውም ፈረንሳይኛ የሚማር ኢትዮጵያዊ ተማሪ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውስጥ በሚገኙት የዕዳ ማረጋገጫ ቃላት ላይ የሚያደርገው ጥናት ነው።

1. ከርእስ ወደ ጥያቄ

ተማሪው በመጀመሪያ የሚያመጣው ርእስ አብዛኛውን ጊዜ ሰፊ ነው። «የፈረንሳይኛ የሕግ ቃላት በአማርኛ» የሚለውን እንውሰድ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ብቻ 3367 ቍጥሮች ስላሉት፥ ይህን ሁሉ በአንድ መንፈቀ ዓመት መርምሮ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ ርእሱ ደረጃ በደረጃ መጥበብ አለበት፤ ከሕግ ወደ ውል፥ ከውል ለዕዳ ማረጋገጫ ወደሚሰጡ መብቶች፥ ከእነዚህም ወደ ጥቂት ቃላት።

ቀጥሎ የጠበበው ርእስ በጥያቄ መልክ ይጻፋል። ለምሳሌ፦ «ፈረንሳይኛ ጋዥ፥ ኢፖቴክ፥ አንቲክሬዝ ብሎ በሦስት ቃላት የሚለያቸውን ጽንሰ ሐሳቦች የአማርኛው ሕግ በምን ይለያቸዋል? ልዩነቱስ በትርጕም ሥራ ላይ ይጠበቃል ወይ?» ጥያቄው ጥሩ መሆኑ በሦስት ነገር ይታወቃል። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ መሆን የለበትም፤ መልሱ የሚገኝባቸው ጽሑፎች በተማሪው እጅ መግባት የሚችሉ መሆን አለባቸው፤ ውጤቱም «የለም፥ ልዩነቱ አይጠበቅም» ተብሎ ሊደመደም የሚችል መሆን ይገባዋል።

2. ቃላቱ የቆሙበት መሠረት

ተማሪው ቃላቱን ከመሰብሰቡ በፊት ጽሑፎቹ እንዴት እንደ ተወለዱ ማወቅ አለበት። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 165 ወጥቶ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ረቂቁን በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት የፓሪሱ የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። አማርኛውና እንግሊዝኛው ከዚሁ ረቂቅ የተተረጐሙ ሲሆኑ፥ በሕግ ፊት የበላይነት ያለው የአማርኛው ጽሑፍ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም በስዊሱ ሊቅ በዣን ግራቨን በፈረንሳይኛ ተረቆ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ለጥናቱ ሁለት መመሪያ ይገኛል። አንደኛ፥ የፈረንሳይኛው ረቂቅ የአንድን አማርኛ ቃል አሳብ ለማብራራት ሊረዳ ይችላል እንጂ አማርኛውን ሊሽር አይችልም። የተማሪውም ተግባር ቃሉ የያዘውን አሳብ ማሳየት ነው፤ ሕጉን ማረም አይደለም። ሁለተኛ፥ አማርኛው የትርጕም ጽሑፍ ቢሆንም ቃላቱ በሙሉ ለትርጕም ሲባል የተፈጠሩ አይደሉም። ዋስ፥ መያዣ፥ አደራ፥ ወለድ አግድ የሚባሉት በሕዝቡ አፍ የነበሩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ከሕጉ በፊት የነበራቸውን ፍች ሕጉ ከሰጣቸው ፍች ለይቶ መመዝገብ ያስፈልጋል። አደራ ለምሳሌ በዕለት ንግግር መማጠኛም ኀላፊነትም ነው፤ በሕጉ ግን ፈረንሳይኛው ዴፖ የሚለው፥ ዕቃን ተቀብሎ ጠብቆ የመመለስ ውል ስም ነው።

3. ምንጭና ዘመን

ምንጮቹ በሦስት ረድፍ ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ረድፍ የሕጉ ጽሑፎች ናቸው። ዋስትና ከቍጥር 1920 ጀምሮ፥ የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ ከ2825 ጀምሮ፥ የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ከ3041 ጀምሮ፥ ወለድ አግድ ከ3117 ጀምሮ ይገኛሉ። ሁለተኛው ረድፍ መዝገበ ቃላት ነው። ለአማርኛው የተሰማ ሀብተ ሚካኤል «ከሣቴ ብርሃን ተሰማ» (1951 ዓ.ም.)፥ የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» (1962 ዓ.ም.) እና በ1993 ዓ.ም. የታተመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ «አማርኛ መዝገበ ቃላት» ይታያሉ። ከአማርኛ ወደ ፈረንሳይኛ ደግሞ የአንቷን ዳባዲ (እ.ኤ.አ. 1881) እና የባትማን (እ.ኤ.አ. 1929) መዛግብተ ቃላት ሕጉ ከመውጣቱ በፊት የነበረውን አጠቃቀም ለመመልከት ይጠቅማሉ። ሦስተኛው ረድፍ በሥራ ላይ ያሉ የውልና የብድር ወረቀቶች ናቸው።

በዚህ ክፍል ተማሪው ሊጠነቀቅበት የሚገባው ዋና ነገር ዘመን ነው። ዳቪድ ረቂቁን ሲያዘጋጁ በፈረንሳይ ሕግ ጋዥ ማለት ባለዕዳው ተንቀሳቃሽ ዕቃውን ከእጁ አውጥቶ የሚያስረክብበት ማረጋገጫ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የፈረንሳይ ድንጋጌ ግን ዕቃው ከባለዕዳው እጅ ሳይወጣም ጋዥ እንዲቋቋም ፈቀደ። ስለዚህ የዛሬን የፈረንሳይኛ የሕግ መዝገበ ቃላት ይዞ የ1952ን ጽሑፍ የሚያነብ ተማሪ ሁለት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦችን አንድ አድርጎ ይወስዳል። በአገራችንም ቢሆን በ2011 ዓ.ም. በተንቀሳቃሽ ንብረት ላይ ስለሚመሠረት የዋስትና መብት የወጣው አዋጅ ቍጥር 1147 በመስኩ አዲስ ሥርዓት አምጥቷል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ዋስትና በተለይ ሰው ለሰው የሚገባው ግዴታ፥ ማለትም የፈረንሳይኛው ኮሲዮንማን ነበር፤ በአዲሱ አዋጅ ግን ቃሉ በዕቃ ላይ የሚመሠረተውንም ማረጋገጫ ያካትታል። የቃሉ ወሰን ሰፍቷል ማለት ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ማስረጃ ላይ ዓመቱን መጻፍ ግድ ይሆናል።

4. የቃል ካርድ

ምርመራው የሚካሄደው በካርድ ነው። ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ አንድ ካርድ ይዘጋጃል። ቃል ሳይሆን ጽንሰ ሐሳብ መነሻ የሚሆንበት ምክንያት፥ አንድ ቃል ብዙ ጽንሰ ሐሳብ፥ አንድ ጽንሰ ሐሳብም ብዙ ስያሜ ሊኖረው ስለሚችል ነው። ከዚህ በታች አንድ ካርድ በናሙናነት ቀርቧል።

ቃሉ፦ አንቲክሬዝ፤ የሴት ፆታ ስም።
የቃሉ ሥር፦ ከግሪክኛ፤ «በምትክ መጠቀም» እንደ ማለት።
አሳቡ፦ ባለዕዳው ለዕዳው ማረጋገጫ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለአበዳሪው የሚያስረክብበት ውል።
የሚገኝበት፦ የፍትሐ ብሔር ሕግ (1952 ዓ.ም.)፥ ከቍጥር 3117 ጀምሮ።
አማርኛው፦ ወለድ አግድ።
ከአቻዎቹ የሚለይበት፦ ከኢፖቴክ፥ ንብረቱ ከባለዕዳው እጅ በመውጣቱ፤ ከጋዥ፥ ንብረቱ የማይንቀሳቀስ በመሆኑ።
ተጨማሪ ማስረጃ፦ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው የ1967ቱ አዋጅ ቍጥር 31 ይዞታን በወለድ አግድ ማስተላለፍን ጭምር ከልክሏል።

ካርዱ ሲሞላ ጥያቄው መልስ ማግኘት ይጀምራል። ፈረንሳይኛው ልዩነቱን በሦስት ተለያይተው በቆሙ ቃላት ይገልጻል። አማርኛው ግን «መያዣ» የሚለውን አንድ ቃል ወስዶ ለጋዥና ለኢፖቴክ ያካፍለዋል፤ የንብረቱን ዐይነት የሚነግረን ቅጽሉ ነው። ለሦስተኛው ግን የራሱ የሆነ ስም አለው። ወለድ አግድ ሥራውን በስሙ ይናገራል፤ አበዳሪው የንብረቱን ፍሬ ስለሚወስድ ወለድ ይታገዳል። አንቲክሬዝ ግን ግሪክኛ ለማያውቅ ፈረንሳዊ አንባቢ ዝግ ቃል ነው።

ትልቁ አደጋ የሚታየው ግን ቀጥሎ ነው። የፈረንሳይ ሕግ አውጪ እ.ኤ.አ. በ2009 አንቲክሬዝ የሚለውን ቃል ትቶ በምትኩ «ጋዥ ኢሞቢሊዬ» የሚል ስያሜ ሰጠ። ይህን ስያሜ ቃል በቃል ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ» ይሆናል። ይህ ግን በአማርኛው ሕግ የኢፖቴክ ስም ነው። በኢፖቴክ ባለዕዳው በቤቱ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ይቆያል፤ መብቱ በመዝገብ ገብቶ ይጠበቃል። በወለድ አግድ ግን ቤቱን ያስረክባል። ስለዚህ ተርጓሚው ቃሉን እንዳየ ቢመልሰው የሚሳሳተው በቃል ብቻ አይደለም፤ ዕዳው እስኪከፈል ቤቱ በማን እጅ እንደሚቆይ ይሳሳታል። ትክክለኛው አቻ ዛሬም ወለድ አግድ ነው። ይህን ሊያሳይ የሚችለው ቃሉን ከአሳቡ ጋር ያያዘ ካርድ ብቻ ነው፤ ሁለት ዓምድ ያለው የቃላት ዝርዝር ግን አያሳየውም።

5. ቃል ከነባልንጀሮቹ

የግል ጥናቱ የቋንቋ ትምህርት አካል መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ተማሪው ስሙን ብቻ ሳይሆን ስሙ የሚስማማውን ግስ መመዝገብ አለበት። በፈረንሳይኛ ጋዥ «ይሰጣል»፤ ኢፖቴክ «ይቋቋማል»፤ ለኮሲዮን ግን «ስ ፖርቴ ኮሲዮን» ይባላል፤ ሰውዬው ራሱን ዋስ አድርጎ ያቀርባል። በአማርኛ ደግሞ ዋስ ይጠራል፤ ዋስ ይኮናል፤ መያዣ ይሰጣል፤ መሬት በወለድ አግድ ይያዛል።

እንግሊዝኛን አስቀድሞ የተማረ ሰው ደግሞ ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል። የፈረንሳይኛው ኮሲዮን በእንግሊዝኛ ጥንቃቄ ማለት ከሆነው ቃል ጋር በመልክ አንድ ነው፤ በሕግ ቋንቋ ግን ፍቹ ዋስ ነው። ፍሩዊ የሚለው ቃልም የዛፍ ፍሬን ብቻ ሳይሆን ኪራይንና ወለድን ይጨምራል። እንዲህ ያሉት ቃላት በልዩ ምልክት ተለይተው በካርዱ ጀርባ ቢጻፉ በኋላ ለተማሪዎች ሁሉ ይጠቅማሉ።

6. ባለሙያን ስለ መጠየቅ

ጽሑፍ የማይመልሰውን ባለሙያ ይመልሰዋል። ዳኛ፥ ጠበቃ፥ የውልና ማስረጃ ሠራተኛ፥ የድሮውን ወለድ አግድ የሚያስታውሱ ሽማግሌም ሊጠየቁ ይችላሉ። ነገር ግን «አንቲክሬዝ በአማርኛ ምን ይባላል?» ብሎ መጠየቅ ተጠያቂውን መፈተን እንጂ ማስረጃ መሰብሰብ አይደለም። የሚሻለው ነገሩን ማቅረብ ነው፦ «አንድ ሰው ገንዘብ ተበድሮ ቤቱን ለአበዳሪው ቢያስረክብ፥ አበዳሪውም ኪራዩን በወለዱ ፈንታ ቢቀበል፥ ይህን ውል ምን ይሉታል?» እንዲህ ሲጠየቅ ሰው ከመጽሐፍ የለቀመውን ሳይሆን የሚሠራበትን ቃል ይሰጣል። የውል ወረቀት የሚገለበጥ ከሆነም የባለጉዳዮቹ ስምና አድራሻ በካርዱ ላይ መግባት የለበትም።

7. የጊዜ አከፋፈል

በአሥራ አራት ሳምንት ውስጥ ለሚያልቅ ሥራ የሚከተለው አከፋፈል ይበጃል። ሁለቱ ሳምንት ጥያቄውን ለማጥበብ፤ ሦስቱ የሕጉን ጽሑፎች በሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ለማንበብ፤ አራቱ ካርድ ለመሙላትና ባለሙያ ለመጠየቅ፤ ሁለቱ ካርዶቹን ለማመሳከር፤ ሦስቱ ለመጻፍና ለማረም። አማካሪው ተማሪውን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያገኘዋል፦ ጥያቄው ሲጸድቅ፥ የመጀመሪያዎቹ አምስት ካርዶች ሲሞሉ፥ ረቂቁ ሲያልቅ። ከሦስቱ ዋነኛው ሁለተኛው ነው፤ የካርድ አሞላል ጉድለት በአምስተኛው ካርድ ላይ ከተያዘ በቀላሉ ይታረማል፤ በሃምሳኛው ላይ ሲገኝ ግን ሥራው ሁሉ እንደገና ይጀመራል። አማካሪው አቻ ቃል አይሰጥም፤ «ይህን በምን አወቅህ?» ብሎ ይጠይቃል።

8. የጽሑፉ አቀራረብ

ዋናው ጽሑፍ በሚማረው ቋንቋ ይጻፋል። በመጀመሪያ ጥያቄው፥ ቀጥሎ ምንጮቹና ዘመናቸው፥ ከዚያ እያንዳንዱ ጽንሰ ሐሳብ በየተራው፥ በመጨረሻም መልሱ ይቀርባል። መልስ ያልተገኘለት ቃል ቢኖር እንዳልተገኘለት በግልጽ ይነገራል፤ ተርጓሚን የሚያሳስተው ባዶ ቦታ ሳይሆን በግምት የተሞላ ቦታ ነውና። ካርዶቹ ከአማርኛ ማብራሪያ ጋር በአባሪነት ይያያዛሉ። ተማሪው ነጥቡን የሚያገኘው በዋናው ጽሑፍ ቢሆንም፥ ለመዝገበ ቃላት ሥራ የሚተርፈው አባሪው ነው።

ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ሦስት ቃላት ብቻ ተመርምረው፥ አማርኛ የጠበቀው አንድ ስም ፈረንሳይኛ ራሱ ከለወጠው ስያሜ ይልቅ አሳቡን ለይቶ እንደሚይዝ ታይቷል። ለአንድ መንፈቀ ዓመት ሥራ ይህ ትንሽ ውጤት አይደለም። በእርሻ፥ በሕክምና፥ በግንባታና በንግድ መስክ እንዲህ ተለይተው ያልተመረመሩ ቃላት ብዙ ናቸው። መምህራን ጥያቄውን በማጥበብ፥ ተርጓሚዎችም ካርዶቹን በመመርመር ቢተባበሩ፥ በየክፍሉ የሚሠራው የግል ጥናት ለቋንቋው ዕድገት የሚቈጠር ድርሻ ይኖረዋል።