የፖሊስ የመገናኛ ሬዲዮ በጁባ

የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በሆነችው በጁባ፣ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የፖሊስ የአስቸኳይ ጥሪ ማዕከል ተቋቁሟል። በሌሊት ሌቦች የገቡበት ሰው በ777 ቁጥር ደውሎ የደረሰበትን እንዲያስረዳ ታስቦ ነው። ይሁን እንጂ ስልኩን ያነሣው ፖሊስ ሌባውን ከወንበሩ ሆኖ አይዝም፤ ወሬውን በአካባቢው በቅኝት ላይ ለሚገኝ ባልደረባው በመገናኛ ሬዲዮ ማድረስ አለበት። ቅኝተኛው ጥሪውን ካልሰማ፣ ወይም ሰምቶ የሰጠው መልስ ካልደረሰ፣ መደወሉ ብቻ ለባለቤቱ አይጠቅመውም።

ጁባ የተቆረቆረችው በአካባቢው ባሕር ኤል ጀበል እየተባለ በሚጠራው በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። በ1997 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ ይልቁንም አገሪቱ ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች ወዲህ፣ ከተማዋ በምዕራብ እስከ ጉዴሌ፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ እስከ ጉምቦ ተዘርግታለች። ከተማ በዚህ ዓይነት ሲሰፋ፣ ለትንሽ ከተማ ይበቃ የነበረ አንድ የአንቴና ምሰሶ አይበቃም።

የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር ድግግሞሽ ይባላል። ፖሊሶች ብዙውን ጊዜ የሚገለገሉበት፣ በሰከንድ 150 ሚሊዮን ጊዜ ያህል የሚርገበገበው ሞገድ፣ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይጓዛል። ጋራ ለጋራ መጠራራት የለመደ የደጋ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ከፍታ ላይ የቆመ ሩቅ ይሰማል፣ ከጉብታ ኋላ ያለ ግን አይሰማም። በሜዳ ላይ ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ የተያዘ ሬዲዮ አድማሱ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የ30 ሜትር ምሰሶ አድማስ 22 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ እንደሚታየው እንደ ጀበል ኩጁር ያለ ኮረብታ ከኋላው ጥላ ይጥላል፤ የቆርቆሮ ጣሪያና የብረት ኮንቴይነርም ሞገዱን ይመልሱታል።

የሚያሳዝነው፣ ይህን ችግር ለማቃለል አስቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው መፍትሔ የተሳሳተ መሆኑ ነው። የማሰራጫው ኃይል ወደ 50 ዋት ከፍ ቢል፣ በቅኝተኛው እጅ ያለው ሬዲዮ ግን ያው 5 ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ ጣቢያው ይሰማለታል እንጂ እርሱን አይሰማውም። ትእዛዙ መድረሱን ያመነ አዛዥ፣ ቅኝተኛው እርዳታ እየጠራ መሆኑን ሳያውቅ ይቀራል። የሚያዋጣው በልዩ ልዩ ከፍታዎች ላይ ደካማውን ድምፅ በአንድ ድግግሞሽ ተቀብለው፣ በሌላ ድግግሞሽ አበርትተው የሚያስተላልፉ መሣሪያዎችን መትከል ነው። እነዚህ ደግሞ ሌሊትና ቀን ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ፤ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ባለቀበት ሌሊት ሠፈሩ በሙሉ ድምፅ ያጣል።

ሁለተኛው ችግር የሞገድ መጠላለፍ ነው። በጁባ ከፖሊስ ሌላ ሠራዊቱ፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት ተልእኮና ብዙ የእርዳታ ድርጅቶች በሬዲዮ ሲገለገሉ ኖረዋል። ሁለት ማሰራጫዎች በአንድ ድግግሞሽ ከተናገሩ ብርቱው ደካማውን ይውጠዋል። በአንድ ምሰሶ ላይ ብዙ አንቴናዎች ሲደረደሩም ሞገዶቹ ተደባልቀው፣ ለማንም ያልተሰጠ ሦስተኛ ድግግሞሽ ይወልዳሉ። ድግግሞሽን የሚያከፋፍል የመንግሥት ባለሥልጣን የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው፤ ግን ምሰሶው ላይ የሚወጣው ሠራተኛ ጥንቃቄ ካልታከለበት የባለሥልጣኑ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም።

አሮጌውን የአናሎግ ሬዲዮ በዲጂታል መለወጥም የራሱ ጣጣ አለው። አናሎግ ሬዲዮ ከጣቢያው ሲርቅ ድምፁ በሹክሹክታ እየተዋጠ ይሄዳል፤ የሠለጠነ ጆሮም ከዚያ ውስጥ ቃል ይለቅማል። ዲጂታሉ ግን እስከ ወሰኑ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማና፣ ወሰኑን ሲያልፍ ያለ ማስጠንቀቂያ ጭጭ ይላል። ስለሆነም አሮጌው ከመነሣቱ በፊት አዲሱ በየመንገዱና በየቤቱ ውስጥ መለካት አለበት። መለኪያውም በመኪና ጣሪያ ላይ የተተከለ አንቴና ሳይሆን፣ ፖሊሱ በወገቡ የሚታጠቀው ትንሹ ሬዲዮ ነው፤ የሰውነቱ ሥጋ ራሱ ከሞገዱ ከፊሉን ይውጣልና።