ወገብ ላይ የታሰረ ሹራብ

አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬን ሰሌዳ ላይ ወጥታ እንድትሠራ ጠራኋት። ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራለች፤ አንገቷን ደፍታ አልነሳም አለች። የወር አበባዋ እንደመጣ ወዲያው ገባኝ። እኔም በእሷ ዕድሜ የእናቴን አሮጌ ነጠላ እየቀደድኩ ነው ያለፍኩት። ሌሎቹ ለእረፍት ሲወጡ አብሬያት ቀረሁ፤ ወንበሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገን ቤቷ ድረስ ሸኘኋት። እስከ ዐርብ ትምህርት ቤት አልመጣችም።

እርዳታ አጥተን አልነበረም። ከዚያ በፊት አንድ ድርጅት ከውጭ የመጣ ሞዴስ በካርቶን አምጥቶ አከፋፍሎን ነበር። ሦስት ወር እንኳ አላደረሰን፤ እንደገና የመጣ ሰውም የለም።

የወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ ሥራ ልቤን የነካው ለዚህ ነው። ልጅ ሳሉ እሳቸውም በጨርቅ ነው ያለፉት። አሜሪካ፣ ቴክሳስ ኬሚካል ምህንድስና ተምረው ሲመለሱ፣ እየታጠበ የሚያገለግል ሞዴስ ሠርተው የፈጠራ መብቱን አስመዘገቡ። ከዚያም በብድር መቀሌ ላይ ማርያም ሳባ የተባለውን ፋብሪካ ከፈቱ፤ ስሙ የልጃቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ ሸልሟቸዋል።

ሞዴሱ ላዩ ለስላሳ ጥጥ ነው፤ ከሥሩ ፈሳሽ የማያሳልፍ ልባስ አለው፤ ከውስጥ ሱሪ ጋር በቁልፍ ይያያዛል። በደንብ ከተያዘ እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል።

ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ችግር ለመፍታት ይቋቋማል፣ ግን እንደማንኛውም ንግድ ሸጦ ያድራል። አብዛኛውን ምርት የሚገዙት የእርዳታ ድርጅቶች ናቸው፤ ገዝተው ለተማሪዎች በነፃ ይሰጣሉ። ብሩ ያው የእርዳታ ብር ነው። ሞዴሱ የልጅቷ ቦርሳ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ግን ብሩ መቀሌ ላይ ለምትሰፋው ሴት ደመወዝ ሆኗል፤ በመርከብ የመጣው ካርቶን ይህን አላደረገም። ቢሆንም እሰጋለሁ። ለጋሽ በጀቱን የቀነሰ ዕለት ማን ይገዛል? እናቶች ከሰፈራቸው ሱቅ፣ አቅማቸው በሚችለው ዋጋ ማግኘት አለባቸው።

ሌላው ነገር ውኃ ነው። የሚታጠብ ሞዴስ ውኃም ፀሐይም ይፈልጋል። ቧንቧው በደረቀ ትምህርት ቤት ልጅቷ የት ትጠበው? ቤት ሄዳም ብታጥበው አፍራ ከቀሚስ ሥር ደብቃ ታሰጣዋለች፤ ሳይደርቅ ካደረገችው ደግሞ ያሳክካታል፣ ያሳምማታል። በሥርዓተ ፆታ ክበባችን ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደብን ይኸው የማስጣቱ ነገር ነበር። ወንዶቹንም ጠርተን አስተማርን፤ መጀመሪያ ሳቁ፣ በኋላ ጥያቄ አበዙ።

ከመቀሌው ፋብሪካ የወጣው ሞዴስ ክበባችን ከደረሰ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባለሹራቧ ልጅ በር ላይ ጠብቃ አስቆመችኝ።

«ቲቸር፣ እማዬ ገመዱ ላይ ፊት ለፊት አሰጣችው» አለችኝ። «አባባም አየው።»

«ምን አለ?»

«ሊዘንብ ነው፣ አንሱት አለ።»