ዳስ ይጣል ወይስ አዳራሽ ይያዝ?



በከተራ ወደ ባሕረ ጥምቀት ከወረዱት ታቦታት አብዛኞቹ ጥር 11 ቀን ወደየመንበራቸው ሲመለሱ፣ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት አድሮ በማግሥቱ ጥር 12 ቀን በዝማሬና በእልልታ ይገባል። ይህችው ዕለት ቃና ዘገሊላ ናት። ሆታው ጋብ ሲል በየሰፈሩ ሌላ ሥራ ይጀመራል፤ የባሕር ዛፍ አጣና ይወርዳል፣ ሸራ ይዘረጋል፣ የዕድር ድስት ከመጋዘን ይወጣል። የጥር ሠርገኛ ሊመጣ ነውና።

በዕለቱ የሚታሰበው የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የሠርግ ቤት ታሪክ ነው። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን እንደሚያስተምሩት ጌታችን ውኃውን ወደ ወይን ጠጅ የለወጠው የካቲት 23 ቀን ሲሆን፣ አባቶች የውኃውን ተአምር ከውኃው በዓል ጋር ለማያያዝ ሲሉ ከጥምቀት ማግሥት እንዲከበር አድርገዋል። የሠርጉንም ባለቤት ዶኪማስ ይሉታል። እኛ ዛሬ ልናነሣው ከወደድነው ጉዳይ አኳያ ግን ከታሪኩ አንድ ትንሽ ነገር ጎልቶ ይታየናል። ድግሱ የተደገሰው በዶኪማስ ቤት ነበር። የወይኑን ማለቅ ከድግሱ አሳዳሪ አስቀድማ ያወቀችውም በእንግድነት የተጠራችው እመቤታችን ናት። እንግዳ ሆና ሳለ የጓዳውን ጭንቀት ለማወቅ የምትችልበት ቤት ነበር ማለት ነው።

ዛሬ በከተማችን ልጃቸውን ሊድሩ የተነሡ ወላጆች በቅድሚያ የሚነጋገሩት «ማን ይጠራ?» በሚለው ሳይሆን «የት ይሁን?» በሚለው ላይ ሆኗል። ለዚህም ዋናው ምክንያት የጊዜው ጥበት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በነቢያት ጾምም ሆነ በዐቢይ ጾም ሠርግ አይደገስም። የዐቢይ ጾም መግቢያ ደግሞ ከየካቲት 1 ቀን አይወርድም፣ ከመጋቢት 5 ቀን አይወጣም። በመሆኑም ጾሙ ቀድሞ በሚገባበት ዓመት ከልደት እስከ ዐቢይ ጾም ባለው ጊዜ የሚገኙት እሑዶች 5 ብቻ ናቸው፤ እጅግ ዘግይቶ በሚገባበትም ዓመት ቢሆን ከ10 አይበልጡም። በነዚህ ጥቂት እሑዶች ላይ የከተማው ሙሽራ ሁሉ ሲሻማ አዳራሾች ወራት አስቀድመው ይያዛሉ። የዘገየው ሰው ለዳግማይ ትንሣኤ ቀጠሮ ይይዛል፤ ያም ቀን እንደዚሁ የተጣበበ ነው።

ከዚህም የተነሣ ነገሩ ተገልብጧል። ቀድሞ ሽማግሌ የሚላከው፣ ቀን የሚቆረጠው፣ የንስሐ አባት የሚጠየቀው በቅድሚያ ነበር፤ ቦታው ከዚያ በኋላ ይታሰባል። አሁን ግን ቀኑን የሚቆርጠው አዳራሹ ነው ማለት ይቻላል። ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ወደ አጥቢያው ሄደው ያው እሑድ በሌሎች ሙሽሮች መያዙን የሚሰሙ ቤተሰቦች ጥቂቶች አይደሉም።

የሥርዓተ ተክሊሉ ቦታ ምርጫ የሚያሻው አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጸሎቱ የሚፈጸመው ከቅዳሴ ጋር ሲሆን፣ ሙሽሮቹ ካባ ለብሰው፣ አክሊል ደፍተው፣ በመጨረሻም ሥጋ ወደሙን ተቀብለው ይወጣሉ። ለመቁረብ 18 ሰዓት ጾመዋል። እንግዲህ የድግሱን ቦታ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ሊያስበው የሚገባው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከ ድግሱ ያለውን መንገድ ነው። ቅዳሴው ረፋዱ ላይ ቢያልቅና አዳራሹ በሩን የሚከፍተው ከሰዓት በኋላ ቢሆን፣ በመካከሉ ያለው ጊዜ በብሔረ ጽጌ መናፈሻ ወይም በሌላ አጸድ ፎቶግራፍ በመነሣት ያልፋል። ለሙሽሮቹና ለሚዜዎቹ ደስታ ነው። ቅዳሴ አስቀድሰው እህል ሳይቀምሱ የተከተሉት አዛውንት ግን በአውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ፎቶግራፉን የምንነቅፍ አይደለንም፤ የኛም ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ስለ አዳራሽም እውነቱን መናገር ይገባል። ግቢ ለሌለው ሰው ዕረፍት ነው። ዕቃ የማጠቡ፣ ወንበር የመሰብሰቡ ድካም የለም፤ የእሳት አደጋም እንደ ዳሱ አያሰጋም። በግንቦት የሚድር ሰው ደግሞ ዝናብ ሸራውን ሞልቶ በእንግዳ ራስ ላይ ሲፈስስ አንድ ጊዜ ካየ አዳራሽን አይንቅም። ይሁን እንጂ ከመዋዋል በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸውን ነገሮች ብዙዎች የሚጠይቁት ዘግይተው ነው። ከቤት የተጠመቀ ጠላና የተጣለ ጠጅ ይገባል ወይ? ሂሳቡ በተጠራው ነው ወይስ በመጣው ሰው ልክ? መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር አለ ወይ? እኛም በአንድ የቅርብ ዘመዳችን ሠርግ ላይ ያልጠየቅነው ነገር አሳፍሮናል። አዳራሹ በሦስተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን እንጂ አሳንሰሩ እንደማይሠራ አላወቅንም ነበር። ሙሽራዋን ያሳደጓት አያት ደረጃውን መውጣት አቅቷቸው በምድር ቤት ካለ ሻይ ቤት ተቀምጠው ዋሉ። ምርቃታቸውንም ሙሽሮቹ ወርደው ተቀበሉ።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን ግን ሌላ ቤተሰብ ነው። በፒያሳ አካባቢ ከ30 ዓመት በላይ የኖሩ አንድ አባት በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ከከተማው ዳር ወዳለ የጋራ መኖሪያ ቤት ተዛወሩ። ጎረቤታቸውም በየአቅጣጫው ተበተነ። ልጃቸው ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ልትዳር ቀን ሲቆረጥ፣ እርሷና እጮኛዋ 200 ሰው የሚይዝ አዳራሽ አግኝተው ከደመወዛቸው ቀብድ ከፈሉ።

ስም ዝርዝሩ ሲጻፍ 430 ሆነ። አባትየው እርሳስ ይዘው ለሦስት ምሽት ተቀመጡ። የሥራ ባልደረባን ሰረዙ፣ ሩቅ ዘመድን ሰረዙ። ከዕድሩ ላይ ሲደርሱ ግን እጃቸው አልታዘዝ አለ። የልጅቱ እናት ከዓመታት በፊት ባረፉ ጊዜ ድንኳኑን የተከሉት፣ 3 ቀን ከሐዘንተኛው ጋር ያደሩት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። «ለለቅሶዬ ጠርቻቸው ለደስታዬ ልተዋቸው ወይ?» አሉ። ልጅቱ አለቀሰች። «አባዬ፣ ዕድርተኛውኮ አሁን ጎረቤታችን አይደለም፤ ደግሞስ ዳስ የት ይጣላል? ደጅ የለን፣ ግቢ የለን» አለቻቸው። እርሷም አልተሳሳተችም።

ነገሩን የፈታው የንስሐ አባታቸው ጥያቄ ነው። «ተክሊሉን የት ልታደርጉ አሰባችሁ?» ሲሏቸው፣ ልጅቱ ክርስትና በተነሣችበት በቀድሞው አጥቢያ መሆኑን ነገሯቸው። «ታዲያ ዕድርተኛው ከዚያው ለቅዳሴ መምጣቱ አይቀርም። ከደጀ ሰላሙ ወዴት ልትሸኙት ነው?» አሏቸው።

አባትየው በማግሥቱ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ሄዱ። በሕንፃዎቹ መካከል ያለው የመኪና ማቆሚያ ለ2 ቀን እንዲፈቀድላቸው፣ ለማብሰያም ለነዋሪው የተሠራውን የጋራ መጠቀሚያ ቤት እንዲጠቀሙ ለመኑ። ከጎረቤት አንዱ ስለ ድምፁ ተቃውሞ ነበር፤ ማጉያው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እንዲጠፋ ተስማሙና እርሱም ፈረመ። የአዳራሹ ቀብድ ግን አልተመለሰም። ለሁለት ወጣቶች ቀላል ገንዘብ አልነበረም፤ ሙሽራውም ለጥቂት ቀናት አኩርፎ እንደነበር ሰምተናል። የዕድሩ ሊቀ መንበር ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ድስቱን በአይሱዙ አስጭነው ዓርብ ዕለት ደረሱ። ዕድሩ ከሰፈሩ መነሣት ወዲህ ዕቃውን ለሠርግ ሲያወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሠርገኛው በሦስት አውቶቡስ መጣ። ወለሉ ቄጤማ ተጎዝጉዞበታል። በአንደኛው ጥግ ሥጋ ተሰቅሏል፤ በሌላው ጥግ ከየሰፈሩ የተሰበሰቡ አዛውንት ተፈላልገው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዳንዶቹ ከተለያዩ ወዲህ ሲገናኙ የዚያን ቀን የመጀመሪያቸው ስለነበር ሙሽሮቹ ሲገቡ እንኳ ጨዋታቸውን ለማቋረጥ አልቸኮሉም።

ከቀኑ 9 ሰዓት ግድም እንጀራው ማነሱን ያስተዋሉት አንዲት የዕድሩ እናት ናቸው። ለመስተንግዶ አልተመደቡም፤ ልማድ ሆኖባቸው ወደ ጓዳው ጎራ ብለው ነው። ለአባትየው አልነገሩም። ከወጥ ቤቱ ደጅ ቆማ የነበረችን አንዲት የሕንፃውን ነዋሪ ወደ ጎን ጠርተው በጆሮዋ ነገሯት። እርሷም ወደ ላይ ወጥታ በሮችን አንኳኳች። ጥቂት ቆይቶ ከአራቱም ፎቅ ሴቶች እንጀራቸውን በሰፌድና በትሪ ይዘው በደረጃው ይወርዱ ጀመር። በመጨረሻ ሁለት ሰፌድ ይዞ የወረደው ስለ ድምፁ የተቃወመው ሰው ነበር። አባትየው ይህን ሁሉ የሰሙት ማታ፣ ማጉያው ከጠፋ በኋላ ነው።