የቤት ኢንተርኔት ለማን ስንት ይድረስ?

ከሥራ የተመለሰች እናት ወጥ ቤት ሳለች፣ «እማዬ፣ ትምህርቱ ተቋረጠብኝ!» የሚል ድምፅ ትሰማለች። ልጅቷ ከመምህሯ ጋር በቪዲዮ እየተማረች ነው። ወንድሟ ሳሎን ውስጥ ፊልም ያያል፤ አባትም በስልኩ ሌላ ፊልም ከፍቷል። ብዙውን ጊዜ ቁጣው የሚያርፈው በልጅቷ ላይ ነው። ጥፋቱ ግን የእርሷ አይደለም።

ወደ ቤት የሚገባው መስመር መጠኑ የተወሰነ ነው። በሴኮንድ 10 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ቢሆን፣ ጥራት ያለው አንድ ፊልም ብቻውን 5 ያህሉን ሊወስድ ይችላል። ሁለት ፊልም ከተከፈተ እንግዲህ ለትምህርቱ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ክፍፍሉ ከቤት ውጭም አለ። በፋይበር መስመር አንድ ዋና ክር ብዙውን ጊዜ ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ይከፋፈላል። ስለዚህ ጎረቤቱ ሁሉ ማታ ቤቱ ገብቶ ሲከፍት ፍጥነቱ ሊቀንስ ይችላል። በውሉ ላይ «እስከ» ተብሎ የሚጻፈውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በትምህርት ሰዓት የፊልሙን ጥራት ዝቅ ማድረግ፣ ወይም ፊልሙን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ነው። ስልኮች በራሳቸው ፎቶግራፍ የሚልኩበትን ሰዓት ወደ ሌሊት ማዛወርም ይረዳል። ችግሩ ከውጭ መሆኑን ለመለየት፣ ሌላውን ሁሉ አጥፍቶ አንድ ኮምፒውተር በገመድ ማገናኘትና ፍጥነቱን ጠዋትና ማታ መለካት ነው። ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ ማታ የሚደክም ከሆነ፣ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቦ ለአገልግሎት ሰጪው ማመልከት ይገባል።

ይህ ሁሉ የእናት ብቻ ሥራ አይደለም። አባትም ፊልሙን ለአንድ ሰዓት ቢያቆይ ልጅቷ ትምህርቷን ትጨርሳለች።