ጣናን ማን አስጠናው?

በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል። በበጋ ደግሞ ያው ጥቁር መሬት ይሰነጣጠቃል። የወረታ ገበሬ ይህን ለማወቅ አስተማሪ አያሻውም። የክረምቱን ውሃ አጠራቅሞ በበጋ ማሳ ለማጠጣት ግን ግድብ ያስፈልጋል። ግድብ ከመሠራቱ በፊት ደግሞ መሬቱ ይጠናል።

የሥነ ምድር ጥናት ማለት ምድር ከምን እንደተሠራች መመርመር ነው። ባለሙያው ድንጋይ በመዶሻ ይሰብራል፤ መሬቱን በመሰርሰሪያ ይበሳል፤ ያየውን በካርታ ላይ ያሰፍራል። ከሥር ያለው ድንጋይ ስንጥቅ ከበዛበት የተገደበው ውሃ ሾልኮ ይጠፋል። ግድቡም ላይቆም ይችላል። ጣና ራሱ የተገኘው በጥንት ዘመን ከምድር ሆድ ቀልጦ የወጣ ድንጋይ የውሃውን መውጫ ስለዘጋው ነው። ያለ ሰው እጅ የተሠራ ግድብ ነው እኮ!

ታዲያ ጥናት ገንዘብ ይፈልጋል። ድንኳን አለ፤ በቅሎ አለ፤ መሣሪያ አለ፤ የባለሙያ ደሞዝ አለ። ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ደግሞ የሚያስጠናው እሱ የሚፈልገውን ነው። ይህን ከጣና ታሪክ እንመልከት።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ውል ተፈራረሙ። በአባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ የሚል ነው። ያን ጊዜ ሱዳንም ግብፅም በእንግሊዝ እጅ ነበሩ። ጥጣቸው የሚጠጣው የአባይን ውሃ ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

በ1913 ዓ.ም. ገደማ ሁለት ባለሙያዎች ጣናን ሊያጠኑ መጡ። አንደኛው ግራብሃም፣ የሱዳን መንግሥት የሥነ ምድር ባለሙያ ነው። ሁለተኛው ብላክ፣ የግብፅ የመስኖ ሥራ መሐንዲስ ነው። ኢትዮጵያ ቅኝ አልተገዛችም። አጥኚዎቹ ግን የቅኝ ግዛት ሠራተኞች ነበሩ። የጻፉትንም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1925 የግብፅ የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስቴር ካይሮ ላይ አሳተመው። ዋናው ጥያቄያቸው ጣና ለታች አገሮች ምን ያህል ውሃ ሊያጠራቅም ይችላል የሚል ነበር። የፎገራ ሰው ማሳውን በምን ያጠጣ የሚል አልነበረም። ፎገራ እኮ ሜዳ ነው፤ ሐይቁ ትንሽ ከፍ ቢል ውሃው ሩቅ ይገባል።

የኢትዮጵያ መንግሥትም ዝም አላለም። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1920 ዓ.ም. ኒውዮርክ ሄደው ጄ. ጂ. ዋይት ከሚባል ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። ግድቡን ኢትዮጵያ አሠርታ ከውሃው ገቢ እንድታገኝ ታስቦ ነበር። የኩባንያው መሐንዲሶችም መጥተው አጠኑ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ወረረና ነገሩ ቀረ።

ማሳ ላይ ካስማ የሚተክል እንግዳ ሲመጣ፣ «ማን ላካችሁ? ወረቀቱስ የት ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ማንበብ የቻለ ሰው ወረቀቱንም አሳዩኝ ይበል።

ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያና የአሜሪካ መንግሥታት በስምምነት የአባይን ተፋሰስ አስጠኑ። መጽሐፉ በ1956 ዓ.ም. ገደማ ወጣ። በዚያ ላይ ርብና ጉማራ በስማቸው ተጠርተው ለመስኖ ታጩ። ርብ የተገደበው ግን ከዚያ ብዙ ዓመታት አልፈው ነው። ግድቡም ከሜዳው በላይ በኩል ቆሟል።